ሾተላይ ብለን የመዘገብነው ሕመም፤ ስለ ሔሞፊሊያ ታሪክ ጥቂት ቃል



በዚህች ዓመታዊ መጽሔታችን ላይ ከዚህ ቀደም የጻፍነው ስለ እድራችን አመሠራረትና ስለ ቀድሞዎቹ የሰፈራችን ሰዎች ነበር። ዘንድሮ ግን ፈቃዳችሁ ቢሆን ስለ አንድ ሕመም ታሪክ እንጽፋለን። እኛ ሐኪም አይደለንም፤ ዕድሜያችንን በመዝገብ ቤት የጨረስን ጸሐፊ ነን። ይህንን እንድንጽፍ ያነሣሣንም መዝገብ ነው፤ ያውም በገዛ እጃችን የጻፍነው።

በእድሩ ጸሐፊነት ስናገለግል በ1984 እና በ1986 ዓ.ም. ገጾች ላይ ከአንድ ቤት የወጡ ሁለት ሕፃናትን መዝግበናል። ሁለቱም ወንዶች ናቸው። ሁለቱም በስምንተኛው ቀን ተገርዘው ደማቸው አልቆም ብሎ ሞቱ። በእድራችን ደንብ አርባ ቀን ላልሞላው ሕፃን ድንኳን አይወጣም፤ ለቤተሰቡ ጥቂት ብር ይሰጥና በመዝገቡ ላይ አንድ መስመር ይጻፋል። በዚያች መስመር ላይ፣ «የሞት ምክንያት» ከሚለው ሥር፣ ሁለቱንም ጊዜ «ሾተላይ» ብለን ጻፍን። ማን አስጻፋችሁ ቢባል ሰፈሩ አስጻፈን ከማለት በቀር መልስ የለንም። ሐኪም ያየው ነገር አልነበረም።

ከዚያ ወዲያ እናትየዋ «ሾተላይ ያለባቸው» ተባሉ። ጠበል ተመላለሱ፣ ክታብ አሠሩ፣ የቀረ ነገር አልነበረም። ባልየው ሁለተኛው ልጅ በሞተ በዓመቱ ጥሏቸው ሄደ። የቀረችላቸው የመጀመሪያ ልጃቸው ሴት ነበረች፤ እሷ ደኅና አደገች። ሰዉም ለዚህም መልስ አላጣም፤ «ሾተላይዋ ወንድ ነው የምትጠላው» አለ። እንግዲህ ሰፈሩ ሳያውቀው ግማሹን እውነት ተናግሮ ነበር። ሕመሙ በእርግጥ ወንድ ይመርጥ ነበር፤ ሾተላይ ግን አልነበረም። በነገራችን ላይ ሐኪሞች ዛሬ ሾተላይ የሚሉት የእናትና የጽንስ ደም አለመስማማትን ነው፤ እሱ ሌላ ነገር ነው፣ መከላከያ መርፌም አለው። የኛው ሔሞፊሊያ የሚባል ነው። እንዴት እንዳወቅን ወደ መጨረሻው እንነግራችኋለን። የውጭ አገር ታሪክ ስንጽፍ ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉልን።

የዚህ ሕመም ታሪክ የሚጀምረው ከግርዛት ነው። በሁለተኛው መቶ ዓመት በገሊላ አገር፣ ሴፎሪስ በምትባል ከተማ፣ አራት እኅትማማቾች ነበሩ። የአይሁድ ሊቃውንት መጽሐፍ ታልሙድ እንደሚተርከው የመጀመሪያይቱ ልጇን ብታስገርዘው ሞተባት። ሁለተኛይቱም አስገረዘች፤ ሞተባት። ሦስተኛይቱም እንዲሁ። አራተኛይቱ ልጇን ሳታስገርዝ ወደ ዳኛው ወደ ስምዖን ወልደ ገማልያል ቀረበች። ይህ ዳኛ ቅዱስ ጳውሎስን ካስተማረው ከገማልያል ዘር የሆነ ሰው ነው። «አታስገርዢው» ብሎ ፈረደላት።

ይህ ፍርድ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ግርዛት የአብርሃም ኪዳን ነው፤ በሰንበት ቀን እንኳ ይፈጸማል። ያንን ሕግ ለአንዲት እናት ጭንቀት ብሎ ማቆም ልብ ይጠይቃል። ደግሞ ልብ በሉ፤ አራቱ ሴቶች አራት ባሎች ነበሯቸው፣ የሞቱት ልጆችም የአንድ አባት ልጆች አይደሉም። ዳኛው ግን የእኅትማማቾቹን ልጆች እንደ አንድ ሂሳብ ቆጠራቸው። የደም መመርመሪያ መሣሪያ ሳይኖረው፣ ነገሩ በእናት ወገን የሚሄድ መሆኑን ሴቶቹን በማዳመጥ ብቻ ደረሰበት። ስንት ልጅ ሲሞት ነው ግርዛቱ የሚቆመው በሚለው ላይ እንኳ ክርክር ነበር፤ ልጁ ይሁዳ ሁለት ከሞቱ ይበቃል ሲል፣ አባትየው ሦስት ከሞቱ በኋላ ነው ይል ነበር። እኛ በልጁ እንስማማለን። ከሺህ ዓመት በኋላ በ12ኛው መቶ ዓመት በግብፅ አገር የኖረው ሐኪምና የሕግ ሊቅ ሙሴ ማይሞኒደስ ደግሞ አንዲት ቃል ጨመረበት። ልጆቹ የሞቱባት ሴት ሌላ ባል አግብታ ብትወልድም ሕጉ ያው ነው፤ ሕፃኑ አድጎ እስኪጠነክር አይገረዝ አለ። ባል መለዋወጥ ነገሩን እንደማይለውጠው አውቋል ማለት ነው።

ይህን ስናነብ አፈርን። የኛም ቤተ ክርስቲያን ልጆች በስምንተኛው ቀን ይገረዛሉና ነገሩ ከኛ የራቀ አልነበረም። በሴፎሪስ ከ1,800 ዓመት በላይ አስቀድሞ የታወቀው ነገር በ1986 ዓ.ም. በኛ ሰፈር አልታወቀም።

ከአይሁዶች ሌላ በስፔን አገር በኮርዶባ የነበረው ዓረባዊ ሐኪም አል ዛህራዊ፣ በ1000 ዓ.ም. ገደማ፣ ወንዶቻቸው በትንሽ ቁስል ደማቸው ፈስሶ ስለሚሞቱበት አንድ መንደር ጽፏል። በ1803 ደግሞ በአሜሪካ የፊላደልፊያው ሐኪም ጆን ኦቶ የአንድ ቤተሰብን ትውልድ እየቆጠረ መረመረ። የሚደሙት ወንዶቹ ብቻ መሆናቸውን፣ ሴቶቹ ግን ራሳቸው ደኅና ሆነው ለልጆቻቸው እንደሚያስተላልፉ ገለጠ። «ሔሞፊሊያ» የሚለው ስም የወጣው በ1828 ነው። ቃሉ ከግሪክ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ «ደም መውደድ» ነው። ለምን እንዲህ ያለ ስም እንዳወጡለት እንጃ፤ ደምን የሚወድ በሽተኛ አላየንም።

ታዲያ ሕመሙ ምንድር ነው? ደም ከቁስል ሲወጣ የሚረጋው እንዲያው በራሱ አይደለም። በደም ውስጥ ያሉ ብዙ ንጥረ ነገሮች አንዱ ሌላውን እየቀሰቀሰ ተራ በተራ ይሠራሉ፤ ሐኪሞችም በቁጥር ሰይመዋቸዋል። ቢሮ የሠራ ሰው ቶሎ ይገባዋል። አንድ ፋይል ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ እየተፈረመበት ሄዶ መጨረሻ ላይ ማኅተም ያርፍበታል። ስምንተኛው ወንበር ላይ ሰው ከሌለ ግን ዘጠነኛውና ዐሥረኛው ቢኖሩም ፋይሉ እዚያው ይተኛል። ስምንተኛው ንጥረ ነገር የጎደለበት ሔሞፊሊያ ኤ ይባላል፤ ከአምስት ሺህ ከሚወለዱ ወንዶች አንዱን ያህል ይይዛል። ዘጠነኛው የጎደለበት ሔሞፊሊያ ቢ ነው፤ እሱ ብርቅ ነው፣ ከ25 እስከ 30 ሺህ ወንዶች አንዱን ቢይዝ ነው። የበሽተኛው ደም ከሌላው ሰው ፈጥኖ አይፈስም፤ አልቆም ይላል እንጂ። ሰው የሚፈራው የውጩን ቁስል ነው፤ የባሰው ግን በውስጥ የሚፈሰው ነው። ጉልበት፣ ክርንና ቁርጭምጭሚት ውስጥ ደም እየገባ መገጣጠሚያውን ያበላሸዋል፤ ልጁ ያነክሳል። ጭንቅላት ውስጥ ከፈሰሰ ይገድላል።

አወራረዱም እንዲህ ነው። ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ትእዛዝ የተጻፈው ኤክስ በሚባለው የዘር ክር ላይ ነው። ሴት ሁለት ኤክስ አላት፤ ከእናቷ አንድ፣ ከአባቷ አንድ። ወንድ ግን ከእናቱ አንድ ኤክስ፣ ከአባቱ ደግሞ ዋይ የሚባለውን ይወስዳል። በመዝገብ ቤት ቋንቋ ስንናገረው፣ ሴት ዋናውም ግልባጩም በእጇ ነው። አንዱ ገጽ ቢቀደድባት ከሌላው ታነባለች፤ ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ ምንም ሳይታወቃት ትኖራለች። ወንድ ግልባጭ የለውም። እናት አንዱ ገጿ የተቀደደ ከሆነ፣ ለእያንዳንዱ ወንድ ልጅ የመታመም ዕድሉ እኩሌታ ነው፤ እያንዳንዷም ሴት ልጅ እንደ እናቷ ተሸካሚ የመሆን ዕድሏ እኩሌታ ነው። በሽተኛ አባት ግን ሕመሙን ለወንድ ልጁ አያወርስም፤ ሴት ልጆቹ በሙሉ ተሸካሚ ይሆናሉ። ከሸካሚዎቹ ሴቶች አንዳንዶቹ ራሳቸው በወሊድና በወር አበባ ጊዜ ከልክ በላይ ሊደሙ እንደሚችሉ ሐኪሞች ያስጠነቅቃሉ። ከሕሙማኑም ሲሶ ያህሉ በዘራቸው ማንም ታሞ የማያውቅ ናቸው፤ ገጹ የተቀደደው በነሱ ወይም በእናታቸው ጊዜ ነው። ቀዳጅ የለውም። ሲገለበጥ የተፈጠረ ስሕተት ነው፤ እናትየዋ ያደረገችው ነገር የለም።

ይህ ስሕተት በዓለም ከታወቁት ቤቶች በትልቁ ቤት ውስጥ ተገኝቷል። የእንግሊዝዋን ንግሥት ቪክቶሪያን የማያውቅ አንባቢ የለም። አፄ ቴዎድሮስ በ1862 ደብዳቤ የጻፉላቸውና መልስ ያልላኩት፣ ጦሩም በ1868 መቅደላ የወጣው፣ እኚሁ ንግሥት ናቸው። ንግሥቲቱ ዘጠኝ ልጆች ወለዱ። በ1853 የተወለደው ስምንተኛው ልጅ ልዑል ሊዮፖልድ ሔሞፊሊያ ነበረበት። ከሳቸው በፊት በዘራቸው ስላልታየ፣ ስሕተቱ በሳቸው ወይም 51 ዓመት ሆኗቸው በወለዷቸው በአባታቸው ጊዜ እንደ ጀመረ ይገመታል።

ሊዮፖልድ አስተዋይ ልጅ ነበር። እንደ ወንድሞቹ ጦር ሠራዊት መግባት ስላልቻለ በኦክስፎርድ ተማረ፤ በኋላም እናቱን በጸሐፊነት ያግዝ ነበር። የሙያ ባልደረባችን ነው ማለት ነው! በ1882 አገባ፤ በ1884 በፈረንሳይ አገር በካን ከተማ ወድቆ ጉልበቱን ተመታና በ30 ዓመቱ ሞተ። ከላይ የጻፍነው ሕግ በልጆቹ ላይ ታይቷል። ወንዱ ልጁ ደኅና ሆነ፤ ሴቷ ልጁ ግን ተሸካሚ ነበረችና የሷ ልጅ ሩፐርት በ1928 ከመኪና አደጋ በኋላ ደሙ አልቆም ብሎ ሞተ። ሊዮፖልድ የተቀበረው በዊንዘር ቤተ መንግሥት ነው። እዚያው ዊንዘር በ1879 የተቀበረ አንድ የኛ ልጅ አለ፤ የአፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ። የሁለቱ መቃብር በአንድ ግቢ ውስጥ ነው። እኛ የእድር ሰዎች ስለሆንን ማን የት እንደ ተቀበረ ሳናነሣ አናልፍም።

የንግሥቲቱ ሁለት ሴቶች ልጆች፣ አሊስና ቢአትሪስ፣ ተሸካሚዎች ነበሩ። ትልቁ ወንድ ልጃቸው ኤድዋርድ ሰባተኛ ደኅና ስለነበር ዛሬ እንግሊዝን የሚገዛው ቤት ከሱ ወርዶ ከሕመሙ ነጻ ነው። የአሊስ ወንድ ልጅ በ1873 ገና በሁለት ዓመቱ ከመስኮት ወድቆ በጭንቅላቱ ውስጥ በፈሰሰ ደም ሞተ። የዚያ ሕፃን እኅት አሊክስ በ1894 የመስኮብን ንጉሥ ዳግማዊ ኒኮላስን አገባችና እቴጌ አሌክሳንድራ ተባለች። በዚህ የደረሰውን ትንሽ ሰፋ አድርገን እንጻፈው።

ንጉሥ ኒኮላስን ሀገራችን ታውቃቸዋለች። በአድዋ ጦርነት ዓመት በ1896 የመስኮብ ቀይ መስቀል ሐኪሞች ቁስለኞቻችንን ለማከም የመጡት በሳቸው ዘመን ነው። ለኛ ቁስለኞች ሐኪም የላከው መንግሥት ለገዛ አልጋ ወራሹ የሚሆን ሐኪም አላገኘም። ንጉሡና እቴጌይቱ አራት ሴቶች ልጆች ወልደው፣ ወንድ ልጅ እየተመኙ ብዙ ጸለዩ። አሌክሲስ በ1904 ተወለደ። በስድስተኛ ሳምንቱ ከእትብቱ ደም ፈሰሰና አልቆም አለ። እናቲቱ ወንድሟንና አጎቷን በዚህ ሕመም ያጣች ናትና ወዲያው ገባት።

ቤተ መንግሥቱ ነገሩን ደበቀው። ለአገሩ ሕዝብ አልተነገረም። በቤተ መንግሥቱ ውስጥ የሚሠሩ እንኳ ብዙዎቹ አያውቁም ነበር። ልጁ እንዳይወድቅ ሁለት መርከበኞች ተመድበውለት በየሄደበት ይከተሉት ነበር። በ1912 መጸው በፖላንድ ምድር በስፓላ ከንጉሡ የአደን ቤቶች በአንዱ ሳሉ፣ ቀደም ሲል ጀልባ ውስጥ ሲዘል የተመታው ጭኑ በሠረገላ መንገጫገጭ ብሶበት በውስጥ መድማት ጀመረ። ስምንት ዓመቱ ነበር። ሕመሙ እስከ ብዙ ቀን ሌሊትና ቀን ያስጮኸው ነበር። እንግዶች ግን በቤቱ ውስጥ ይጋበዙ ነበር፤ ድብቁ እንዳይወጣ እናቲቱ ሳሎን ተቀምጣ ትስቃለች፣ ከዚያ ተነሥታ ወደ ልጇ ትሮጣለች። ይህንን ያየው ጂልያር የሚባለው የስዊስ አገር ተወላጅ መምህራቸው በኋላ በመጽሐፉ ጽፎታል። የንጉሥ ልጅ ነው እንጂ ጣሩ የድሀ ልጅ ጣር ነው። ካህናት ገብተው የመጨረሻውን ቍርባን አቀበሉት። ለሕዝቡ የታመመ መሆኑ ሲነገር ሕመሙ ምን እንደሆነ አልተነገረም። በዚያን ሰዓት ራስፑቲን የሚባለው የሳይቤሪያ ገበሬ፣ ልጁ አይሞትም የሚል ቴሌግራም ላከ። ደሙ ቆመ። ልጁ ግን ከዚያ በኋላ ለብዙ ወራት ደኅና አድርጎ መራመድ አልቻለም።

ራስፑቲን ከ1905 ጀምሮ ቤተ መንግሥቱን ያውቅ ነበር፤ ከዚህ በኋላ ግን እናቲቱ እሱን ከሐኪሞቹ ሁሉ አስበልጣ አመነችው። እኛ በእናትየዋ አንፈርድም። ልጁ የሚሞትበት ሰው የማይዘው ገመድ የለም፤ ጠንቋይ ቤት የሄዱ የሰፈራችንን እናቶች እናውቃለን። የምንፈርደው በድብቁ ነው። ሕዝቡ ልጁ መታመሙን ስላላወቀ፣ አንድ ሰካራም ገበሬ በእቴጌይቱ እልፍኝ ምን ያደርጋል ሲል የራሱን መልስ ፈጠረ። የተወራው ወሬ በዚህች መጽሔት የሚጻፍ አይደለም። ራስፑቲን በታኅሣሥ 1916 ተገደለ፤ ወሬው ግን አልሞተም፤ መንግሥቱን ከጣሉት ብዙ ነገሮች አንዱ ሆነ። ጦርነቱና ረኀቡ ባይኖር ወሬ ብቻውን ዙፋን ይጥላል አንልም።

በመጋቢት 1917 ንጉሡ ሥልጣን ሲለቁ አስቀድመው ዙፋኑን ለልጃቸው ሊያስተላልፉ አስበው ነበር። ከዚያ የልጁን ሐኪም ፌዶሮቭን ለብቻው ጠርተው ሕመሙ ይድን እንደሆነ ጠየቁት፤ አይድንም አላቸው። ልጁን ከራሳቸው መለየት አልሆነላቸውምና ለልጃቸውም ጭምር ለቀቁ። በሐምሌ 1918 በየካተሪንቡርግ ከተማ መላው ቤተሰብ በጥይት ሲገደል፣ ልጁ ደም ገብቶበት እግሩ ስለማይሠራ አባትየው አቅፈውት ነው ወደ ምድር ቤቱ የወረዱት። አሥራ አራት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሳምንታት ቀርተውት ነበር።

የዚህ ነገር ማስረጃ የተገኘው ዘግይቶ ነው። የልጁና የአንዲት እኅቱ አፅም በ2007 ተገኘ፤ በ2009 ሊቃውንት አፅሞቹን መርምረው የጎደለው ዘጠነኛው፣ ማለት ሔሞፊሊያ ቢ መሆኑን አረጋገጡ። እናቲቱ ተሸካሚ ነበረች፤ ከአራቱ ሴቶች ልጆችም አንዷ ተሸካሚ ሆና ተገኘች። የተቀደደው ገጽ ከ90 ዓመት በኋላ ከአጥንት ላይ ተነበበ። መዝገብ ማለት ይህ ነው።

በስፔንም ቢሆን የቢአትሪስ ልጅ ቪክቶሪያ ኤውሄንያ በ1906 ንጉሥ አልፎንሶ 13ኛን አግብታ ከወንዶች ልጆቿ ሁለቱ ታመሙ። አንደኛው በ1934 በ19 ዓመቱ፣ ሌላው በ1938 በ31 ዓመቱ፣ ሁለቱም በሌላ ሰው ላይ ቢደርስ በማይገድል የመኪና ግጭት ሞቱ። ንጉሡም ሚስቱን ወቀሰ፤ ፍቅራቸውም ቀዘቀዘ። እንግዲህ የስፔን ንጉሥና ጥሎ የሄደው የሰፈራችን ባል አንድ ዓይነት ሰዎች ነበሩ።

የሕክምናው ታሪክ ከዚህ አጠር ይላል። በ1952 በኦክስፎርድ ስቴፈን ክሪስማስ የሚባል የአምስት ዓመት ልጅ ደም ሲመረመር ስምንተኛው ሳይሆን ሌላ የጎደለ መሆኑ ታወቀ፤ ሔሞፊሊያ ቢ ያን ጊዜ ከኤ ተለየ፣ በልጁም ስም ተጠራ። ከዚያ በፊት ለበሽተኛ የሚሰጠው ደም ወይም የደም ውሃ ብቻ ነበር፤ የሚፈለገው ንጥረ ነገር በውስጡ ትንሽ ስለሆነ አይበቃም። በ1964 በአሜሪካ ጁዲት ፑል የተባለች ሴት ሊቅ፣ በረዶ የሆነ የደም ውሃ ቀስ ብሎ ሲቀልጥ ከሥር የሚቀረው አተላ በስምንተኛው ንጥረ ነገር የበለጸገ መሆኑን ደረሰችበት። ሌላው የሚደፋው አተላ ለነዚህ ሕይወት ሆነ። ቀጥሎ ከብዙ ሺህ ሰዎች ደም ተጨምቆ የሚዘጋጅ ዱቄት መጣና ሰው በቤቱ ራሱን የሚወጋበት ዘመን ሆነ። ደስታው ግን አልቆየም። በ1980ዎቹ በዚሁ ዱቄት አማካይነት በብዙ አገር በሺህ የሚቆጠሩ ሕሙማን የኤድስ ተሐዋሲ ተላለፈባቸው። ስሙን ለሕመሙ የሰጠው ስቴፈን ክሪስማስም ከተሰጠው ደም በተላለፈበት በዚሁ በሽታ በ1993 ሞተ። ይህን ስንጽፍ እጃችን ይከብደናል።

ዛሬ መድኃኒቱ ከሰው ደም ሳይወሰድ ይሠራል፤ በየጊዜው አስቀድሞ የሚወጋ ልጅ ትምህርት ቤት ሄዶ፣ ተጫውቶ ያድጋል። በ2022 ደግሞ የጎደለውን ትእዛዝ በአንድ ጊዜ ወደ ሰውነት የሚያስገባ ሕክምና ለሔሞፊሊያ ቢ በአሜሪካ ተፈቅዷል፤ ዋጋው ያን ጊዜ 3.5 ሚሊዮን ዶላር ነበር። የእድራችን ካዝና ስንት ትውልድ ቢጠራቀም እንደሚደርስበት ገንዘብ ያዡ ያስላልን። የዓለም ሔሞፊሊያ ፌዴሬሽን በ1963 ተመሥርቶ ለድሀ አገሮች መድኃኒት በእርዳታ ይልካል፤ በአገራችንም የሕሙማኑ ማኅበር አለ። ሚያዝያ 9 ቀን የሕመሙ መታሰቢያ ቀን ነው።

አሁን ወደ ሰፈራችን እንመለስ። ያቺ ደኅና ያደገችው ሴት ልጅ አግብታ በ2001 ዓ.ም. ወንድ ልጅ ወለደች። አያትየው በስምንተኛው ቀን እንዳይገረዝ እግር ላይ ወድቀው ለመኑ። ሰዉ ሳቀባቸው፤ አማቾች ተቆጡ፤ እሳቸው ግን በሩ ላይ ተቀምጠው ገራዡን መለሱት። ስለ ሴፎሪስ የሰሙት ነገር አልነበረም። ልጁ ሰባት ዓመት ሲሆነው የወተት ጥርሱ ወለቀና ደሙ ሦስት ቀን አልቆም አለ። ሆስፒታል ወሰዱት። ሐኪሙ ልጁን ገና ሳይነካው መጀመሪያ የጠየቀው፣ «የእናቱ ወንድሞች በሕይወት አሉ ወይ?» ብሎ ነው። አያትየው እዚያው ወለሉ ላይ ተቀምጠው አለቀሱ። ሃያ ዓመት ሙሉ ያንን ጥያቄ የጠየቃቸው ሰው አልነበረም።

ስለዚህ በቤታችሁ ወንድ ልጅ ሲወለድ፣ በእናቱ ወገን በግርዛት፣ እንጥል ሲቆረጥ ወይም ግግ ሲወጣ ደሙ አልቆም ብሎ የሞተ ሰው ካለ፣ ምላጭ ከመነሣቱ በፊት ለሐኪም ንገሩ። እንጥል ማስቆረጥና ግግ ማስወጣት ይቅር ከተባለ ቆይቷል፤ ለማንም ልጅ አይበጅም። የሚደማ ልጅ ጉልበቱ ሲያብጥ ወጌሻ አይሸው፤ አስፕሪንም አይሰጠው፣ ደሙን ያብሰዋል። ዛሬ ልጁ ጎልማሳ ሊሆን ነው፤ አንድ ጉልበቱ ትንሽ ይይዘዋል እንጂ በትምህርቱ ደኅና ነው።

መዝገብ አይፋቅም፤ ይህ የሙያችን ሕግ ነው። የተሳሳተው ቃል ላይ አንድ መስመር ይሰመርና ትክክለኛው በኅዳጉ ተጽፎ ይፈረምበታል። በዚህ ዓመት የሥራ አመራር ኮሚቴውን አስፈቅደን በ1984 እና በ1986 ዓ.ም. ገጾች ላይ «ሾተላይ» በሚለው ላይ አሰመርን፤ በኅዳጉም «ሔሞፊሊያ፤ እናትየዋ ጥፋት የለባቸውም» ብለን ጽፈን ፈረምን። እናትየዋን ጠርተን አነበብንላቸው። መነጽራቸውን አልያዙም ነበርና ሁለት ጊዜ አስነበቡን።